ሸማኔው አልተበተነም፤ ለመስቀል አገሩ ገብቶ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ በበዓል ገበያ ገጻችሁ ላይ ስለ ሽሮ ሜዳ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ደንበኞቼም አንብበውታል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የባህል ልብስ ገበያው ሞቷል፣ ሸማኔዎቹም ሥራ አጥተው ተበትነዋል ብላችኋል። ለዚህ ትልቅ ወሬ ያቀረባችሁት ማስረጃ ደግሞ አንድ ፎቶ ነው።

እስቲ ስለ ፎቶው እንነጋገር። ቤቱ ባዶ ነው። ሸማኔው እግሩን የሚሰድበት ጉድጓድም ባዶ ነው። የተወጠረው ድር ግን አልተቆረጠም። ግማሽ ድረስ ተሠርቷል፤ አረንጓዴና ወርቃማው ጥለት ጫፉ ይታያል። በላዩ ንጹሕ አቡጀዲ ተጥሎበታል። መወርወሪያው ከነማጉ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ እናንተ የጻፋችሁት "ሥራ ያቆመ የሽመና ቤት" ይላል።

በሽመና ቤት ያደገ ሰው ይህን ፎቶ ሲያይ የሚገባው ሌላ ነው። ይህ ሰው የሄደው ሊመለስ ነው። ሥራውን የተወ ሸማኔ ድሩን ሸፍኖ አይሄድም። ቆርጦ ይጠቀልለዋል። እቃውን ነቃቅሎ ይሸጣል፣ ወይም ለዘመድ ያስረክባል። ክር ገንዘብ ነው፤ ማንም ገንዘቡን ወጥሮ ጥሎ አይጠፋም። አቡጀዲው የተደረበው አቧራ እንዳይገባበት፣ አይጥ እንዳይነካው ነው። ይህን ለማወቅ ጎረቤት ያለውን በር ማንኳኳት በቂ ነበር። ዘጋቢያችሁ ካሜራ ለማንሳት ጊዜ ካገኘ፣ "ባለቤቱ የት ሄዱ?" ብሎ ለመጠየቅ እንዴት ጊዜ አጣ?

ፎቶው መስከረም 18 እንደተነሳ ራሳችሁ ጽፋችኋል። የመስቀል ማግስት መሆኑ ነው። በዚያው እትም ፊት ለፊት ገጽ ላይ የደመራውን ፎቶ በትልቁ አውጥታችኋል፤ የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ መመዝገቡንም አስታውሳችኋል። ገጹን ገልበጥ ስናደርግ ግን የመስቀል ማግስት ያልተገኘ ሸማኔ "ተበትኗል" ይባላል። ሁለቱን ገጾች ያዘጋጀው አንድ ጋዜጣ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ለማያውቅ ልንገረው። ሽሮ ሜዳና ጉለሌ አካባቢ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ የሚሠራው ሸማኔ ሁሉ አንድ አገር ሰው አይደለም። ብዙው ግን የጋሞ ልጅ ነው። ከጨንቻ፣ ከዶርዜ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ደጋ የመጣ ነው። ለጋሞ ሰው መስቀል የአንድ ቀን በዓል አይደለም። ዮ ማስቃላ የሚለው ይህ በዓል ዘመን መለወጫው ነው። የተጣላ ይታረቃል። በዓመቱ ያገቡ ሙሽሮች አምረው ገበያ ይወጣሉ። ወንዱ ለበሬው፣ ሴቷ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅሙ የከረሙት ለዚህ ቀን ነው። አዲስ አበባ ያለው ሸማኔ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚሠራው፣ ቁርሱን ዘሎ ሳንቲም የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። የጳጉሜን ሥራ ጨርሶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ለእናቱ ጋቢ ይዞ መኪና ይሳፈራል። ያልሄደ ሸማኔ ካለ የታመመ ወይም ገንዘብ ያጠረው ነው። እሱም ሲያዝን ይከርማል። አባቴ አንድ ዓመት መሳፈሪያ አጥቶ ቀርቶ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ከማንም ጋር አላወራም።

መርካቶ በመስቀል ሰሞን ሱቆች ሲዘጉ ምን ብላችሁ እንደምትጽፉ በደንብ አውቃለሁ። "ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ገባ" ትላላችሁ። ስለ ክትፎው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ መናኸሪያው ግፊያ ትጽፋላችሁ። ደስ ይላል፤ በርቱ። መርካቶ ሞተ ብላችሁ አታውቁም። ታዲያ የእኛ ሰው በዚያው ሳምንት፣ ለዚያው በዓል፣ በዚያው መናኸሪያ ተጋፍቶ ሲሄድ ለምን "ተበተነ" ይባላል? የመስከረም ዝግጅቶች ብላችሁ በሳጥን ያወጣችሁትን ዝርዝርም አይቻለሁ። ባዛሩ አለ፣ ኮንሰርቱ አለ፣ ደመራው አለ፣ ኢሬቻው አለ። ዮ ማስቃላ የለም። በዚያ ሳጥን ውስጥ ባሉት በዓላት ላይ ሕዝቡ ለብሶት የሚወጣውን ነጠላና ቀሚስ ማን እንደሠራው ግን ጥያቄ የለውም።

ሁለተኛው ነገር ዋጋ ነው። ነጋዴው በዓል ጠብቆ ዋጋ ሰቀለ ብላችኋል። ገበያው ሞቷል ያላችሁት በሌላ አንቀጽ ነው። ገዢ በሌለበት ገበያ ዋጋ የሚሰቅል ነጋዴ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለቱ አብረው አይሄዱም። እውነቱ እንዲህ ነው። ሸማኔው ከመስቀል በፊት ይሄዳል። ሱቅ ውስጥ የሚቀረው ጳጉሜ ድረስ የተሠራው ብቻ ነው። እንቁጣጣሽ አብዛኛውን ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ የሚገባ አዲስ ሥራ የለም። የቀረው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ነገር ደግሞ ይወደዳል።

ሌላም ምክንያት አለ። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ ጥሩ ከሆነ የእጅ ፈትል ነው፣ የጥለቱ ክር ደግሞ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባለቀለሙ ክር በየጊዜው ጨምሮብናል። ክር ሻጩን ጠይቁት፤ ሱቁ ከእኛው ጎን ነው። ሴቶቹ ፈታዮችም ኑሮ ተወዶባቸዋል፤ ጥጡን ነድፈው፣ በእንዝርት ፈትለው የሚያመጡት እነሱ ናቸው። የእነሱን ድካም ማንም አይጽፈውም። የሚጻፈው ነጋዴው ስግብግብ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዘገባው በወጣ በማግስቱ አንዲት የሙሽራ እናት ደወሉልኝ። ለጥር ሠርግ ለሙሽራዋና ለሚዜዎቿ ልብስ አዘዋል፣ ቀብድም ከፍለዋል። "ልጄ፣ ሸማኔ የለም ሲባል ሰማሁ፤ ቀብዴን መልሺልኝ" አሉኝ። ሴትዮዋ ጥሩ ሰው ናቸው፤ አልተቆጣሁም። ያነበቡትን ነው ያመኑት። ብዙ አስረድቻቸው ሳምንት ሊታገሡኝ ተስማምተዋል። ሌላው ደግሞ የባሰ ነው። ለክር መግዣ ብድር ጠይቄ ነበር። ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ ማመልከቻዬን ትቶ የእናንተን ጋዜጣ ከኪሱ አወጣ። "ገበያው ሞቷል እየተባለ እንዴት ነው የምትከፍይው?" አለኝ። ስለ ሥራዬ ከእኔ ይልቅ እናንተን አመነ። ፎቶውን አሳይቼ ስለ አቡጀዲው ነገርኩት። ገብቶታል ብዬ አላስብም።

እናንተ ይህን የጻፋችሁት በጣም በማይሆን ጊዜ ነው። የጥር ሠርግ ልብስ የሚታዘዘው አሁን ነው፣ ጥቅምትና ኅዳር። የጥምቀትም እንደዚያው። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚል ሕዝብ ጥር ላይ አዲስ ልብስ ይፈልጋል። ያ ልብስ ግን ጥር ላይ አይሠራም። ጥለቱ ሰፋ ያለ ቀሚስ ሳምንታት ይፈጃል። ሸማኔው ጥለቱን በጣቱ ክር በክር እያነሳ ነው የሚያስገባው፤ አንድ ክር ከሳተ ፈትቶ ይመለሳል። ሰው አሁን ካላዘዘ ለጥር አይደርስለትም። ካልደረሰለት ምን ያደርጋል? ማሽን ያተመውን ይገዛል።

ስለ ታተመው ልብስ ዘጋቢያችሁ አንድ ቃል አልጻፈም። ከዘገባው የቀረው ትልቁ ወሬ ይሄ ነው። ጥለታችንን ፎቶ አንስተው በሠራሽ ጨርቅ ላይ አትመው ያመጡታል። ከሩቅ ሲታይ ያው ነው። ገልብጣችሁ እዩት። የእጅ ሥራ ከሆነ ከጀርባው ክሩ ይታያል፣ በጣት ሲነካ ይቆረቁራል። የታተመ ከሆነ ጀርባው ደብዝዟል፣ እጅ ላይ ምንም የለም። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። አቅም የሌለውን ገዢ አልወቅስም፤ ለልጁ በዓል ማልበስ አለበት። ሻጩ ግን "የሽሮ ሜዳ ሥራ ነው" ብሎ ሲሸጠው ያናድዳል። ሸማኔውን በእውነት የሚጎዳው ይሄ ነው። ወጣቶቹም ጉድጓዱ ውስጥ መቀመጥ እየተዉ ነው፤ ወገብ ይጎዳል፣ ክፍያው አይመጥንም። ይህን ብትጽፉ ማንም አይቃወማችሁም ነበር። እኔ ራሴ ቤት ለቤት አዞራችሁ ነበር። ችግር የለም እያልኩ አይደለም። ችግሩን ትታችሁ በዓሉን ችግር አደረጋችሁት ነው የምለው።

አንድ ነገር ደግሞ ለምን እንዳመመኝ ልንገራችሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለበዛ ነው። አዋጁ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ እኔም ትምህርት ቤት ውስጥ በአባቴ ሙያ ተሰድቤያለሁ። የሚሰድቡኝ ልጆች በበዓል ቀን አባቴ የሠራውን ነጠላ ለብሰው ይመጡ ነበር። በዜናም ቢሆን ስማችን የሚነሳበት ጊዜ ጥቂት ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ በጋሞ ሰዎች ላይ ጥቃት ከደረሰ በኋላ፣ አርባ ምንጭ ላይ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ወጣቱን ከበቀል ሲመልሱ ሁሉም ሚዲያ ጋሞ፣ ጋሞ ብሏል። እናንተም አመስግናችኋል። ያን ጊዜ የሞቱትና የተፈናቀሉት ዘመዶቻችን ውስጥ ሸማኔዎች ነበሩ። ስናለቅስ አውቃችሁናል። ስናከብር ማወቅ ምን ይከብዳል? ሐዘናችን ላይ የተገኘ ጋዜጣ በዓላችን ላይ ቢሳሳት ዝም ማለት አይሆንልኝም።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ማስተካከያው በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን ይውጣ፤ የመጨረሻ ገጽ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል አይደለም። ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ ድረ ገጻችሁ ላይ ይቀየር፤ የሙሽራዋ እናት ያዩት እዚያ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የመስከረም ዝርዝር ስታወጡ ደግሞ ዮ ማስቃላን ጨምሩ። ቀኑን የማታውቁ ከሆነ የጋሞ ሽማግሌ መጠየቅ ነው፤ አዲስ አበባም ሞልተዋል።

ዘጋቢያችሁንም እጋብዘዋለሁ። የፎቶው ቤት ባለቤት ከጨንቻ ጥቅምት መባቻ ላይ ይመለሳል፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ። የዚያን ድር ገዢ አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ። ዘጋቢው መጥቶ ሥራው ሲያልቅ ያንሳው፤ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠይቀው። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ሰጥቻለሁ። ቅዳሜ ግን እንዳይመጣ፤ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ማንም ቀና ብሎ አያናግረውም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሻላል።

የሸማኔ ልጅና የባህል ልብስ ነጋዴ
ከሽሮ ሜዳ