ሲቪዬን ለማን እንደምትልኩት ንገሩኝ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እኔ በኮንትራት የምሰራ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። ኮንትራክተር ስል ህንፃ የሚገነባውን ማለቴ አይደለም፣ አንድ ድርጅት ለስድስት ወር ወይ ለአመት የሚፈልገውን ሥራ ተዋውሎ፣ ሰርቶ አስረክቦ የሚወጣውን ቋሚ ያልሆነ ባለሙያ ማለቴ ነው። ሥራ የማገኘው ባብዛኛው በኤጀንት፣ ማለትም ባለሙያን ከሚፈልገው ድርጅት ጋር በሚያገናኝ ደላላ በኩል ነው፣ ከአስር አመት በላይ ሆኖኛል፣ እና እስከዛሬ ሊለመደኝ ያልቻለ ነገር ቢኖር ሲቪዬን ወስደው ለማን እንደሚልኩት የማይነግሩኝ ኤጀንቶች ነገር ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የኤጀንቶቹ ወገን ስለሆነ የኛንም ወገን አንባቢ ይስማው ብዬ ነው የምፅፍላችሁ።

ስልኩ እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ሥራ ላይ እያለሁ የማላውቀው ቁጥር ይደውላል። ሰውዬው ስሜን ጠርቶ ሰላም ይለኛል፣ ይቸኩላል። "ልክ ላንተ የተሰፋ ሥራ ይዣለሁ፣ ስድስት ወር ነው ግን ይራዘማል፣ ክፍያው ጥሩ ነው፣ ሲቪህን አሁን ከላክልኝ ዛሬውኑ አስገባዋለሁ" ይላል። ድርጅቱ ማነው ስለው ድምፁ ይቀየራል። "በዘርፉ ትልቅ ስም ያለው ነው።" እኮ ማን? "ፋይናንስ ውስጥ ነው፣ ስሙን አሁን መናገር አልችልም፣ ኢንተርቪው ሲያዝልህ ትሰማለህ።" ቢሮው የት ነው፣ ማን ስር ነው የምሰራው፣ ከኔ በፊት የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ፣ ምንም መልስ የለም። ግን የኔን የልደት ቀን፣ የድሮ አለቆቼን ስም፣ አሁን በቀን ስንት እንደሚከፈለኝ፣ ሌላ የት የት ኢንተርቪው እንዳለኝ አንድ በአንድ ይጠይቃል። እኔ ሁሉን እንድናገር ነው የሚፈለገው፣ እሱ ግን አንዲት ስም አይወጣውም።

ይሄ ነገር ምን ያመጣል ለሚል ሰው በኔ ላይ የደረሰውን ልናገር። አንድ ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ኤጀንቶች ደወሉልኝ። የመጀመሪያዋ "ኢንሹራንስ ድርጅት ነው፣ የዳታቤዝ ሥራ" አለችኝ። ሁለተኛው ደሞ "ፋይናንስ ላይ ያለ ደንበኛ አለኝ፣ ዳታ ከድሮው ሲስተም ወደ አዲስ ማዛወር" አለኝ። ሁለቱም ስም አልተናገሩም፣ የሥራው ገለፃም ስለማይመሳሰል ሁለት የተለያየ ቦታ መስሎኝ ለሁለቱም እሺ አልኩ፣ ዋጋውንም እነሱ ባሉኝ መሰረት ለአንዷ ትንሽ ዝቅ፣ ለሌላው ትንሽ ከፍ አድርጌ ነገርኩ። ከዛ ዝምታ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዳቸውም ስልክ አያነሱም። በኋላ ድሮ አብሮኝ የሰራ ልጅ ደወለ፣ ለካ እሱ እዛው ድርጅት ውስጥ ነው የሚሰራው፣ "አንተ፣ ሲቪህ እኮ በሁለት ኤጀንሲ ገባ፣ በሁለት ዋጋ፣ ማኔጀራችን አንዱን ቢይዝ ሌላው ኮሚሽን ይጠይቀኛል ብሎ ሁለቱንም ጣላቸው" አለኝ። ሥራው ምን እንደሆነ ሲነግረኝ ለአራት አመት በእጄ ስሰራው የነበረ ነገር ነው። በችሎታ ተወዳድሬ ብሸነፍ አይቆጨኝም ነበር፣ እኔ ግን የወደቅኩት አንድ ቦታ ሁለቴ እንደገባሁ ስላላወቅኩ ነው። ከሁለቱ አንዳቸው ስሙን ቢነግሩኝ ኖሮ "ይቅርታ፣ እዛ በሌላ ሰው ገብቻለሁ" ብዬ በአንዲት ቃል ይዘጋ ነበር።

ማኔጀሩም ቢሆን አልፈርድበትም። ደንበኛ ድርጅቶች ሁለት ኤጀንት አንድ ሰው ሲያመጣላቸው ማን ቀድሞ አቀረበው የሚለው ጭቅጭቅ ውስጥ መግባት አይፈልጉም፣ ሰውየውን መተው ይቀላቸዋል። ጥፋቱ ስሙን የደበቁት ጋር ነው፣ ቅጣቱ ግን ያረፈው እኔ ላይ ነው።

ሌላው ደሞ ሲቪው በጉዞ ላይ የሚሆነው ነገር ነው። ወዴት እንደሄደ ካላወቅክ ምን ሆኖ እንደደረሰም አታውቅም። አንድ ኢንተርቪው ላይ ማኔጀሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ "እዚህ ላይ ለስድስት አመት ሰርተህበታል ይላል እኮ" ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወደኔ ገፋ አደረገው። አየሁት። ከላይ የኤጀንሲው አርማ ተለጥፏል፣ ስልክና ኢሜይሌ ተቆርጦ ወጥቷል፣ እና እኔ ለጥቂት ወራት ብቻ የነካካሁት ቴክኖሎጂ "ስድስት አመት" ተብሎ በደማቁ ተፅፏል። እኔ የላክሁት ሲቪ ላይ ያ መስመር የለም። ይሄን እኔ አልፃፍኩትም ብዬ ብናገርም ሰውየው ከዛ በኋላ በሙሉ አይኑ አላየኝም፣ በቃ ውሸታም ሆኜ ወጣሁ። ደንበኛው ማን እንደሆነ ቀድሜ ባውቅ ቢያንስ የራሴን ሲቪ ይዤ ገብቼ ከመጀመሪያው አጠራው ነበር፣ እዛ ቦታ ግን ስሙን የሰማሁት በኢንተርቪው ዋዜማ ማታ ነው።

ጓደኛዬ ላይ የደረሰው ደሞ ከዚህም ይብሳል። ሲቪውን "ትልቅ የቴሌኮም ደንበኛ" ተብሎ ሰጠ፣ ለካ ያ ደንበኛ እሱ ራሱ በዛ ሰአት ኮንትራት ላይ ያለበት ድርጅት ነው፣ ዲፓርትመንቱ ሌላ ነው እንጂ። ሲቪው አለቃው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ልጁ ኮንትራቱ ሊራዘምለት በንግግር ላይ ነበር፣ ከዛ በኋላ ማን ያራዝምለታል። የተወዳዳሪ ድርጅት ጋር ላለመስራት የፈረመም አለ፣ እንደዚህ አይነቱ ሰው ስም ሳይነገረው ሲቪው ከተላከ ውሉን ይጥስ አይጥስ በምን ያውቃል? የቁማር ድርጅት ወይ የጦር መሳሪያ የሚሰራ ድርጅት ጋር መስራት ህሊናው የማይፈቅድለትም አለ። ለሱም ይሄን የመምረጥ እድል ማንም አልሰጠውም።

እና ሁልጊዜም ሥራ አለ ማለት አይደለም። ብዙዎቻችን የደረስንበት ነገር አለ፣ ስም የሌለው ማስታወቂያ አንዳንዱ ሲቪ መሰብሰቢያ ብቻ ነው። ኤጀንቱ ገና ደንበኛ የለውም፣ የኛን ሲቪ ሰብስቦ "እንዲህ አይነት ሰዎች አሉኝ" ብሎ በር ሊያንኳኳበት ነው። ሌላ የት ኢንተርቪው አለህ ብሎ የሚጠይቀው፣ ሥራው ሳይረጋገጥ የሁለት የድሮ አለቃ ስምና ስልክ ለሪፈረንስ ላክ የሚለውም ለዚሁ ነው፣ እነዛ ሰዎች ዘንድ በማግስቱ ደውሎ ባለሙያ ትፈልጋላችሁ ወይ ይላቸዋል። ይሄን ያወቅኩት ከድሮ አለቃዬ ነው፣ "ስልኬን ለማን ነው የሰጠኸው" ብላ ስትቆጣኝ። በሷ ፊት አፈርኩ፣ እስካሁንም ያሳፍረኛል። አንዳንዴ ደሞ ኤጀንቱ ራሱ ከሌላ ኤጀንት ነው የሰማው፣ የደላላ ደላላ ነው፣ ስሙን የማይናገረው ሚስጥር ጠባቂ ሆኖ ሳይሆን እሱም ስለማያውቀው ነው። ከደንበኛው የሚወጣው ገንዘብ በነዚህ ሁሉ እጅ አልፎ ነው እኔ ጋር የሚደርሰው። አንድ ቦታ ኮንትራቴ ሊያልቅ ሲል ደንበኛው ለኔ በየቀኑ የሚከፍለውን አየሁት፣ እኔ ከምቀበለው በሲሶ ይበልጣል። ኤጀንት አይብላ አላልኩም፣ ሥራ አምጥቶልኛል። ግን ስም የሚደብቅ ሰው ሂሳብም ይደብቃል፣ እኔ እስካሁን አንዱን ደብቆ ሌላውን የገለጠ አላየሁም።

አሁን ወደነሱ ምክንያት ልምጣ፣ ምክንያታቸው ባዶ አይደለምና። ስሙን ከነገርንህ በጎን ሄደህ ትዋዋላለህ፣ ወይ ለሌላ ኤጀንት ትነግረዋለህ፣ የለፋነው ልፋት ከንቱ ይቀራል ይላሉ። እንደዚህ የሚያደርግ ባለሙያ አለ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ትክክልም አይደለም። ግን ለዚህ መፍትሄው ውል እንጂ ድብብቆሽ አይደለም። ኤጀንሲ ከደንበኛው ጋር ያለው ስምምነት ያቀረበው ሰው በቀጥታ ቢያዝ ክፍያ እንዲያገኝ ያደርገዋል። በእንግሊዝ ያለውን ብንወስድ፣ በ2003 (አመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የወጣው የሥራ አገናኝ ኤጀንሲዎች የአሠራር ደንብ፣ ደንበኛው በኤጀንሲ በኩል የሰራለትን ሰው በቀጥታ ከወሰደ ኤጀንሲው ክፍያ ሊጠይቅ የሚችልበትን ጊዜ ሳይቀር ወስኖታል፣ ሥራው ከተጀመረ 14 ሳምንት ወይም ካለቀ 8 ሳምንት፣ ከሁለቱ የዘገየው። ማለትም ልፋቱ በህግ ተጠብቆለታል። ያው ደንብ ታዲያ በዛው ብእር ኤጀንሲው ለሥራ ፈላጊው ቦታ ሲያቀርብለት ደንበኛው ማን እንደሆነ፣ ምን አይነት ሥራ እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚጀመርና ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይንገረው ይላል።

እዚህ ጋር ግን አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። በራሱ ካምፓኒ ስም የሚሰራ ኮንትራክተር ከዚህ ደንብ ውጪ ልሁን ብሎ መፈረም ይችላል፣ መፈረም ያለበትም ለደንበኛው ከመተዋወቁ በፊት ነው። ኤጀንቶቹ ያቺን ወረቀት ከሌሎች አስር ወረቀቶች መሃል አድርገው ይልኩልሃል፣ "ፎርማሊቲ ናት፣ ሁሉም ይፈርማል" ይሉሃል። አንተም ሥራው እንዳያመልጥህ ትፈርማለህ። ከፈረምክ በኋላ ግን የሄደው ስም የማወቅ መብትህ ብቻ አይደለም፣ ደንበኛው አልከፈለኝም ብሎ ኤጀንሲው የሰራህበትን እንዳይከለክልህ የሚጠብቅህ አንቀፅም አብሮ ሄዷል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እኮ ለዚህ ነው፣ እኔም አንድ ጊዜ ሳላነብ ፈርሜያታለሁ።

በአውሮፓ ህብረት ደሞ ከሜይ 2018 ጀምሮ የሚሰራው የግል መረጃ ጥበቃ ህግ አለ። አንቀፅ 15 ማንም ሰው መረጃው ለማን እንደተሰጠ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በጃንዋሪ 2023 የህብረቱ ፍርድ ቤት በአንድ የኦስትሪያ የፖስታ ድርጅት ክስ ላይ ነገሩን ግልፅ አደረገው፣ ሰው ሲጠይቅ "ለንግድ ደንበኞች" ምናምን ተብሎ በጅምላ መመለስ አይበቃም፣ ተቀባዮቹን መለየት እስካልተቻለ ወይም ጥያቄው አለአግባብ የበዛ መሆኑ እስካልታየ ድረስ ማን ማን እንደሆኑ መነገር አለበት አለ። ሲቪ ውስጥ ደሞ የሰው ሙሉ የሥራ ህይወቱ አለ። ከዛም በፊት በ1997 የወጣው የአለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 ኤጀንሲዎች የሠራተኛውን የግል መረጃ በሚጠብቅ መንገድ እንዲይዙ፣ ከሠራተኛውም በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይላል። ስለዚህ ኤጀንቱን የሚከፍለው ደንበኛው ነው፣ ስሙን መናገሩ ከኪሱ ምን እንደሚያጎድልበት እስካሁን አልገባኝም።

እኔ አሁን የማደርገው አንድ ነገር ነው፣ ስም ከሌለ ሲቪ የለም። ስልኩ ላይ "ይቅርታ፣ የደንበኛውን ስም በኢሜይል ፃፍልኝ፣ እኔም ለዛ ድርጅት አንተ ብቻ እንድታቀርበኝ መፍቀዴን እፅፍልሃለሁ፣ ሳትነግረኝ ሌላ ቦታ አትልከውም፣ የፃፍኩትንም አትነካካውም" እላለሁ። አንዳንዱ ይስቅና ይዘጋል። አንዳንዱ ይናደዳል፣ እንዲያውም አንዱ "እንደዚህ ከሆንክ ሥራ አታገኝም" ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር ቤተሰብ ላለበትና ኮንትራቱ ላለቀበት ሰው ይሄን ማለት ቀላል አይደለም፣ እኔም ሦስት ወር ያለሥራ በቆየሁበት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ የዋጥኩት ቃል ነው። ለዛም ነው ጉዳዩ በያንዳንዳችን ድፍረት ብቻ እንዲቀር የማልፈልገው። ኤጀንት የሚቀጥሩ ድርጅቶች ራሳቸው "ስማችንን ሳትነግሩት የማንንም ሲቪ አታምጡልን" ቢሉ በአንድ ቀን ይቆማል። እነሱም እኮ እየተጎዱ ነው፣ የማይፈልጋቸውን ሰው ኢንተርቪው ያደርጋሉ፣ የሚፈልጋቸውን ሁለቴ መጣ ብለው ይጥላሉ።

በትክክል የሚሰሩ ኤጀንቶችም አሉ። አንዲት አለች፣ ስትደውል መጀመሪያ የምትናገረው የድርጅቱን ስም ነው፣ ከዛ "እዛ በሌላ ሰው ገብተሃል?" ትላለች፣ ካልገባሁ ሁለት መስመር ኢሜይል ትልካለች፣ ትርፏ ስንት ፐርሰንት እንደሆነም ሳልጠይቃት ነግራኛለች። በሷ በኩል ሦስት ኮንትራት ሰርቻለሁ፣ አንድም ቀን በጎን ልሂድ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ጓደኞቼንም ልኬላታለሁ።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሥራ ማስታወቂያ ገፃችሁ ላይ ድርጅቱ ራሱ ያወጣውንና ኤጀንት ያወጣውን ለዩልን፣ ኤጀንት ያወጣው ከሆነ ደሞ የደንበኛው ስም ተፅፎ ይሁን፣ ካልተፃፈ ቢያንስ "የደንበኛው ስም አልተገለፀም" የሚል ከላይ አድርጉበት። አሁን ባለው አያያዝ ሁለቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ነው የሚወጡት፣ ሲቪውን የሚልከው ልጅ ለማን እንደላከ አያውቅም።

አክባሪያችሁ፣
በኮንትራት የሚሰራ አንባቢያችሁ