በቀሃ ድንጋይ ሥር ያሉትንም ቁጠሯቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጎንደር ወንዞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ፕላስቲኩ፣ ስለ ሽታው፣ ወደ ወንዝ ስለሚለቀቀው ፍሳሽ ያላችሁት ሁሉ ልክ ነው። ለሱ እጃችሁ ይባረክ። መጨረሻ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ግን ከነከነችኝ። የቀሃ ወንዝ ሞቷል፣ ከአልቅትና ከትል በቀር የሚኖርበት የለም ትላለች። ይህችን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። የተማርኩት እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው፣ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ግቢ ውስጥ። ሥራዬ በአብዛኛው ከወንዝ ውሃ በሚይዘው የትል በሽታ፣ በቢልሃርዝያ ላይ ነበር። ቢልሃርዝያ ደግሞ ያለ ቀንድ አውጣ አይተላለፍም። ስለዚህ ቦት ጫማ አጥልቄ፣ ወንዝ ለወንዝ ቀንድ አውጣ ስለቅም ነው የኖርኩት። የሰፈሬ ልጆች ዛሬም «እማማ ቀንድ አውጣ» ነው የሚሉኝ። አይከፋኝም። ታዲያ ወንፊት ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀንድ አውጣውን ብቻ ለይቶ አያወጣም። አብሮት የሚወጣው ጉድ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

ከከተማው በላይ፣ ውሃው ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ወደሚወርድበት ሂዱ። ጡጫ የሚያክል ድንጋይ አንሡና ሆዱን ገልብጡት። መጀመሪያ ምንም ያለ አይመስልም። ትንሽ ጠብቁ። ጠፍጣፋ፣ ሦስት ጭራ ያላት፣ ከጥፍር የማትበልጥ ነፍሳት ወደ ጎን ሽው ብላ ድንጋዩን ተገን ታደርጋለች። ሆዷ ግራና ቀኝ የሚርገበገቡት ቀጫጭን ቅጠል መሳዮች የምትተነፍስባቸው ናቸው። ይህች ኤፌሜሮፕቴራ ከሚባለው ወገን ነች። ክንፍ አውጥታ ከውሃ ከወጣች በኋላ አትበላም፤ አፏ አይሠራም። አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓታት ወይም ከአንድ ሁለት ቀን በላይም አትቆይም። ያ ሁሉ ዕድሜዋ የሚያልፈው ውሃ ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር ነው።

አሁን ድንጋዩ ላይ የተለጠፈ የአሸዋ ቅንጣት ካያችሁ በጥፍራችሁ አትፋቁት። በስንጥር ነካ አድርጉት። ቤት ነው። ውስጡ ትሪኮፕቴራ የሚባል ወገን እጭ አለ። ከአፉ በሚያወጣው ሐር አሸዋውን አያይዞ፣ የፋሲል ግንብ ድንጋይ በኖራ እንደተያያዘው፣ ቱቦ ይሠራል። ጭንቅላቱንና እግሩን አውጥቶ ቤቱን እየጎተተ ይሄዳል። ሲነኩት ሽብ ብሎ ይገባል። ከዚሁ ወገን ቤት የማይሠራም አለ። እሱ በድንጋይና በድንጋይ መሀል መረብ ይዘረጋል፤ ውሃው ያመጣለትን ለቅሞ ይበላል። ዕድል ከቀናችሁ ደግሞ ሁለት ጭራ ያላትን፣ ኒዮፔርላ የምትባለውን ሌላ ነፍሳት ታገኛላችሁ። እሷ ጨዋ ናት። ውሃው ቀዝቀዝ ያለ፣ የሚሮጥና አየር ያለው ካልሆነ ቤቴ አትልም።

አሁን ወደ ታች ውረዱ፤ ከተማውን አቋርጦ የመጣውን ውሃ እዩት። ድንጋዩ ያሟልጫል። ሥሩ ጥቁር ጭቃ ነው። ጭቃውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጣችሁ ውሃ ስታፈሱበት ደም የመሰሉ ቀያይ ትሎች ይጠማዘዛሉ። የማይናከስ ትንኝ እጭ ናቸው። ቀይ የሆኑት እንደኛ ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው፤ ኦክስጅን በጠፋበት ጭቃ ያቺኑ ያለችውን ይዘው ይኖራሉ። ጋዜጣችሁ ትል ያላቸው እነዚህን ከሆነ አዎ፣ አሉ፤ ሞልተዋል። ግን ላይኛው ቀሃ ላይ ያሉትንም ደርባችሁ ከቀበራችኋቸው ነገሩ ተበላሸ። ከላይ ያለው ገና በሕይወት ነው። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላውም በዚሁ ቀሃ ውሃ መሆኑን ጎንደሬ ያውቃል። ሞቷል ብለን ካወጅን ነገ ማን ይጠብቀዋል?

ባለሙያ ሲመጣ በጠርሙስ ውሃ ቀድቶ ይሄዳል። ጥሩ ነው፤ እኔም ቀድቻለሁ። ጠርሙሱ የሚናገረው ግን ስለዚያች ደቂቃ ብቻ ነው። ፍሳሽ የሚለቅ ሰው ደግሞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ባለሙያ ባለበት አይለቅም። ሌሊት ነው። ጠዋት ውሃው ጠርቷል፤ ወረቀቱም ንጹሕ ይላል። ድንጋይ ሥር ያለችው ባለሦስት ጭራ ግን ሌሊቱን እዚያው ነበረች። ካለፈው ወርም ጀምሮ እዚያው ናት። ከሞተች ቦታዋ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ይህን አስልቶ በነጥብ የሚያስቀምጥ ዘዴ በብዙ አገር ይሠራበታል። ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞችም ኢቲኤች-ባዮስ የሚባል የነጥብ ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚመቸው ወገን ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል፤ ሁሉን የሚችለው ዝቅ ያለ። ደምራችሁ ለወገኑ ቁጥር ታካፍላላችሁ። የሚያስፈልገው ወንፊት፣ ሳህን፣ ማጉያ መነጽርና ትዕግሥት ነው። ውድ ማሽን አይጠይቅም።

ስለ አንድ ወንዝ ብቻ እያወራሁ እንዳይመስላችሁ። የጎንደርን አገር በውሃው እዩት። ላይ ሰሜን ተራሮች አሉ፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ታች መተማ ቆላው 700 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መሀል ውሃው ከቀዝቃዛ ምንጭ ተነስቶ ለብ እስከሚል ይወርዳል። ቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን ይይዛል፤ ሞቃቱ ይለቃል። ስለዚህ ከደጋ እስከ ቆላ ነዋሪው ይቀያየራል። በዚያ ላይ ውሃችን መንገዱ ሁለት ነው። በከተማችን የሚያልፈው አንገረብ ከነቀሃና ሽንታ በመገጭ አድርጎ ጣና ይገባል፤ ከዚያ ዓባይ ነው። ትልቁ አንገረብ ግን ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ወንዝ ነው። እሱ ወደ ምዕራብ ወርዶ በአትባራ በኩል ሱዳን ድረስ ይሄዳል። ስማቸው አንድ ሆኖ ስንቱን ሰልጣኝ እንዳሳሳተ!

ሸርጣንን ውሰዱ። የወንዝ ሸርጣናችን ፖታሞናውቴስ ከሚባለው ወገን ነው። የባሕሩ ዘመዱ እጩን ለማዕበል ይለቃል። የኛው እንዲህ አያደርግም። ዕንቁላሉን ሆዷ ሥር አቅፋ የምትዞረው እናት ናት፤ የሚፈለፈሉትም ያለቀላቸው ትናንሽ ሸርጣኖች ናቸው። እንዲህ ስለሆነ ርቆ አይበተንም፤ ተራራ ለተራራ፣ ተፋሰስ ለተፋሰስ ለየብቻ ይቀራል። ጣና ውስጥ ደግሞ ማኬዲያ ታኔንሲስ የምትባል የጨው አልባ ውሃ ስፖንጅ አለች። እ.ኤ.አ. በ1999 ነው ለሳይንስ የተመዘገበችው፤ የተገኘችውም ጣና ውስጥ ነው። ውሃ እያጣራች የምትኖር እንስሳ ናት። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሲሆን ስለ ገዳማቱ፣ ስለ ወፎቹና ስለ ዓሣዎቹ ተወራ። የሷን ስም ያነሣ ሰው አልሰማሁም። ጎርጎራ ላይ ዓሣ የሚሸጡት ልጆችም ነጩ ዓሣ ልጅነቱን ምን በልቶ እንደሚያሳልፍ ቢነገራቸው ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። እነዚሁኑ ደቃቆች ነው።

እኛ የምናውቃቸው ጠላቶቻችንን ብቻ ነው። የወባ ትንኝ፣ ቀንድ አውጣ፣ አልቅት፣ መተማ በኩል ደግሞ ዓይን የሚያጠፋውን በሽታ የምታስተላልፈው የወንዝ ጥቁር ዝንብ። እውነት ነው፣ ጠላት ናቸው። የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ መብራት ሥር አስቀምጡት። ጥቂት ቆይታችሁ ብርጭቆውን ጥቁር ጨርቅ ፊት ያዙት። ጭራቸው መንታ የሆነ ነጫጭ ነጥቦች ውሃው ውስጥ ሲርመሰመሱ ታያላችሁ። ቆዳ በስተው የሚገቡት የቢልሃርዝያ እጮች እነሱ ናቸው። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ስትከር፣ ልጆቹ ወንዝ ሲወርዱ ነው ብዙ የሚወጡት። ይህን ያየ ሰው ቀንድ አውጣ ይቅር አይልም።

ነገር ግን ወንፊቴ ላይ ከሚወጣው ቀንድ አውጣ አብዛኛው ምንም አያደርግም። በኛ በኩል የአንጀቱን ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ባዮምፋላሪያ ነው፤ እንደ ሳንቲም ጠፍጠፍ ብሎ የተጠቀለለው። ያ ሹል፣ ረጅሙ ሜላኖይደስ ይህን በሽታ አያስተላልፍም። አልቅትም አንድ ዓይነት አይደለም። ከብት ጉሮሮ ውስጥ የሚገባው የቆዳ መብሻ አቅም የለውም፤ ለዚህ ነው ለስላሳ ቦታ፣ አፍንጫና ጉሮሮ የሚፈልገው። ሰው የማይነካ ሌላም ዓይነት አለ፤ ቀንድ አውጣ ነው የሚበላ። የውሃ ተርብ ልጆችም ከውሃ ሳይወጡ የትንኝ እጭ ይጨርሳሉ። በነፃ የሚሠራልንን ሁሉ ጠላት ካልን ምን ቀረን?

እንዶድን አስታውሱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ አይተው ነው እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት። የአገር ኩራት ነው። እኔም እንዶድ አጥቤበታለሁ፤ ሞክሬበታለሁም። እንዶድ ግን አይመርጥም፤ መጠኑ ሲበዛ ዓሣም ይገድላል። የፋብሪካው የቀንድ አውጣ መድኃኒትም ያው ነው። ስለዚህ ማን እንዳለ ሳይታወቅ መርጨት አይገባም ባይ ነኝ።

ግድብም ሌላ ጉዳይ ነው። የመገጭ ግድብ ወሬ ከጆሯችን ጠፍቶ አያውቅም። ውሃ ይምጣ፤ ባልዲ ይዤ የምጠብቅ ሰው ግድብ አልጠላም። ግን የሚሮጥ ውሃ ሲቆም ነዋሪው ይለወጣል። መረብ የሚዘረጋው ይሄዳል፤ ጥቁሯ ዝንብም ትሄዳለች። ዳር ዳሩ ላይ ቀንድ አውጣ ይመጣል። ደለልም እንዲሁ ነው። አንገረብ ግድብ ውስጥ የሚገባው አፈር ግድቡን ብቻ አይሞላም፤ ከላይ ያለውን የድንጋይ ክፍተት ሁሉ ደፍኖ ነው የሚመጣ። ድንጋይ ሥር የሚኖረው ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው። ጣና ላይ ደግሞ እምቦጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ስለ መረብና ስለ ጀልባ ብዙ ተባለ። እኔ የማየው ሥሩን ነው። ነቅላችሁ ብታራግፉት ቀንድ አውጣ ይረግፋል።

እንግዲህ ጥያቄዬን ላቅርብ። ወንዝ ዳር የሚሠራ ማንኛውም ሥራ፣ ግድብም ይሁን መናፈሻ፣ ከመጀመሩ በፊት እዚያ ውሃ ውስጥ ማን እንደሚኖር ተቆጥሮ ይመዝገብ። ሥራው ሲያልቅ ድጋሚ ይቆጠር። ከሰሜን ተራራ ምንጮች እስከ መተማ፣ ከቀሃ እስከ ጎርጎራ። ጋዜጣችሁም የነጥቡን ውጤት እንደ አየር ሁኔታ ዘገባ ያውጣልን። ወንዝ ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች ቢተባበሩ ልጆቹ ራሳቸው ይችሉታል፤ ከኛ ይልቅ ዓይናቸው ስል ነው።

የሚመጣ መምህር ካለ እኔ አለሁ። ወንፊትና ነጭ ሳህን ይዞ ይምጣ። ልጆቹ ቦት ጫማ ካላደረጉ ውሃ አይገቡም፤ በተለይ ውሃው ከቆመበት ድርሽ አይሏትም። ሐምሌና ነሐሴ አትምጡ፤ ጎርፉ ሁሉን ጠርጎት ባዶ ወንፊት ነው የምታወጡት። ከኅዳር በኋላ ጥሩ ነው። ጠዋት ይሁን፤ እኩለ ቀን ላይ ያለውን ነግሬያችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
«እማማ ቀንድ አውጣ»
ጡረተኛ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን
ጎንደር