ገበያውን ብቻ አይተን ሙያ አንምረጥ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

“ገበያው የሚፈልገውን ተማር” የሚለው ምክር ለወጣቶች አይበቃም። ተማሪው እስኪመረቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ እስከዚያ ገበያው ይለወጣል። አሜሪካዊው ፍራንክ ፓርሰንስ በ1908 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ውስጥ የሙያ ምክር ቢሮ ሲከፍት ምክሩ ራስን ማወቅ፣ ሥራውን ማወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን በማስተዋል ማገናኘት ነበር። ዛሬም ቅደም ተከተሉ ትክክል ይመስለኛል።

ፍላጎትም ብቻውን አያዛልቅም። ሥዕል የሚወድ ልጅ አርክቴክት መሆን ቢያምረው፣ ከመመዝገቡ በፊት ጥቂት ቀን ከባለሙያው አጠገብ ይዋል። ከንድፉ ይልቅ ስሌቱ፣ የግንባታ ደንቡና ከደንበኛ ጋር መነጋገሩ እንደሚበዛ ያያል። ያም ሆኖ ከወደደው ይግፋበት! የሥራ ማስታወቂያዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ችሎታም ይመልከት።

እባካችሁ፣ ባለሙያዎች የሥራ ውሏቸውን ሳይሸፋፍኑ የሚናገሩበት ዓምድ ክፈቱልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ