ስለ እንቁራሪት ነው የጻፍኩልህ

አቦ እንዴት ነህ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ብቅ ስል ብድር ልጠይቅህ መስሎህ እንዳትደነግጥ። በቃ ጠፋሁ፣ ሰበብ አልደረድርም። የጻፍኩልህ ስለ እንቁራሪት ነው። አትሳቅ።

ጓሮ ኩሬ ቆፍሬያለሁ። አምናም ቆፍሬ ነበር፣ ግን ዓሣውም እንቁራሪቱም ወፉም ንቡም ባንዴ አማረኝና ምን እንደምፈልግ ሳልወስን አካፋ አነሳሁ። ዳሩን እንደ ጉድጓድ ቀጥ አድርጌ ስለቆረጥኩት ውኃ ሊጠጡ የመጡ ንቦች እየሰመጡ አለቁ፣ አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ እንሽላሊት ሞታ ተንሳፋ አገኘሁ። ጥልቀት ስላልነበረው የድሬ ፀሐይ ውኃውን ሻይ አደረገችው፣ የኒሟ ቅጠል እየረገፈ በሰበሰበት፣ ሸተተ። እናቴ "ወባ ልታረባብኝ ነው?" ብላ አስደፈነችኝ።

እውነቷን ነው። በ2014 በበጋ ወባ ከተማውን እንዴት እንዳመሰው ታውቃለህ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው መጤ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፣ የግቢ በርሜል ይበቃታል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር ደግሞ በርሜል የሌለው ማን ነው? በእኛ ሙቀት እንቁላሏ ትንኝ ሆኖ እስኪበር ሳምንት ከምናምን ቢፈጅ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ከአካፋው በፊት ደብተር ያዝኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት፣ አንድም የትንኝ እጭ እዚህ አያድግም። በየሳምንቱ በነጭ ሳሕን ቀድቼ አያለሁ፣ እናቴም መነጽሯን አድርጋ ትመጣለች (ከኔ ይልቅ እሷን እመናት)። ቀጥሎ፣ ወፍና ንብ ሳይሰምጥ ይጠጣ አልኩ። አንዱን ዳር እንደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ቀስ እያለ እንዲወርድ አድርጌ ድንጋይ በተንኩበት፣ መሐሉን ግን ከ60 ሴንቲሜትር በላይ አወረድኩት፣ ከኒሟም ራቅ አልኩ። ወፍራም ላስቲክ አነጠፍኩ፣ ከዚያ ውኃ። የውኃ ተርብ ራሱ ከመጣ ምርቃት ነው፣ እጩ የትንኝ እጭ ይበላልና።

የተጣበቅኩት ዓሣው ላይ ነው። እጭ የሚለቅም ቆሮሶ ካላስገባሁ እናቴ አትለቀኝም። ካስገባሁ ደግሞ የእንቁራሪቷ እንቁላልም ጭራ ያላቸው ልጆቿም ብዙ አይተርፉም። ሁለቱንም እፈልጋለሁ ማለት የአምናውን መድገም ነው።

ትዝ ይልሃል አይደል፣ ዝናብ ባረፈ ማታ እናንተ ጣሪያ ላይ ተጋድመን ጩኸታቸውን ስንሰማ፣ አንተ "አሁን ያቺ ወፍራሟ ናት" እያልክ? ከ1998ቱ ጎርፍ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያ ላይ የሚወጣ አልነበረም።

ዓሣውን መርጫለሁ። ወባ ቀልድ አይደለም፣ እናቴም አርጅታለች። አንድ ልጅ ሰኞ በባልዲ ያመጣልኛል። ግን ላንተ ሳልነግር ባስገባው የሰረቅኩህ ያህል ይሰማኛል፣ ስለዚህ እስከ እሑድ ጻፍልኝ፣ ልትሰድበኝም ቢሆን።