ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ስለሚያስከፍሉት ነገር

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእርስዎንና የእማዬን ጤንነት እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስንጫወት «ሰው ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ገንዘብ የሚቀበለው ምኑን አሳይቶ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋርጦ ሳልመልስልዎት ቀረሁ። ዕድሜዎን ሙሉ ደሴ ላይ ፎቶ ቤት ለሠሩ ሰው በሁለት ቃል የሚመለስ ጥያቄ ስላይደለ፣ እዚህ ለንደን ያየኋቸውን ኤግዚቢሽኖች በጽሑፍ ላጫውትዎት ወደድሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ስለ ገንዘቡ ከሆነ፣ ብዙው በነጻ ነው። ቴት ሞደርን የሚባለው ሙዚየም ቋሚ ስብስቡን ያለ ክፍያ ያሳያል፤ የሚያስከፍለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ለሚቆዩት ልዩ ዝግጅቶች ነው። ቤቱ በቴምዝ ወንዝ ዳር የቆመ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር፤ ሥራ ሲያቆም ሳያፈርሱ አድሰው በ2000 ሙዚየም አደረጉት፤ 99 ሜትር የሚረዝመው የጭስ መውጫም እንዳለ ነው። ተርባይኖቹ የነበሩበትን አዳራሽ እንዲሞላ በየጊዜው አንድ አርቲስት ይጋበዛል። በ2023 ተራው የደረሰው ጋና ተወልዶ ናይጄሪያ የሚሠራው ኤል አናትሱይ ነበር። ሥራው ከሩቅ ሲታይ ከጣሪያ የወረደ ወርቀ ዘቦ መጋረጃ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ግን እያንዳንዱ ነጥብ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን ነው፤ ተጨፍልቆ፣ ተጣጥፎ፣ ጠርዙ ተበስቶ ከጎኑ ካለው ጋር በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተያይዟል። መጠጡ በባሪያ ንግድ ዘመን ውቅያኖስ ሲያቋርጥ ከኖረው ሸቀጥ አንዱ ስለነበር፣ ክዳኑ እንዲሁ ከመንገድ የተለቀመ ቆሻሻ አይደለም። ሁሉም እንደዚህ ነው ብዬ ግን አላታልልዎትም፤ ከሥራው ይልቅ አጠገቡ የተለጠፈው ማብራሪያ የሚበልጥባቸውን ክፍሎች ቶሎ ብዬ ነው የማልፋቸው።

በዚያው ዓመት በዚያው ቤት የዘመናችን አፍሪካውያን ፎቶግራፍ አንሺዎች ኤግዚቢሽን ነበር፤ የእኛዋ አይዳ ሙሉነህም ነበረችበት። አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል በ2010 የመሠረተችው እርሷ ናት። ያሳየችው በዳሎል ምድር ላይ ያነሳቻቸውን፣ ሴቶች ስለ ውኃ የሚሸከሙትን መከራ የሚናገሩ ፎቶዎች ነበር። በአጋጣሚ የተነሳ አንድም የለም፤ ልብሱ ተሰፍቶ፣ ፊቱ ቀለም ተቀብቶ፣ አቋቋሙ ተለክቶ ነው፤ እርስዎ ለሙሽሮች መጋረጃ መርጠው፣ አገጭ ቀና አድርገው እንደሚያነሱት ማለት ነው፤ ልዩነቱ መጋረጃዋ በረሓው መሆኑ ነው። የአፋርን ምድር በድርቅ ዜና ብቻ የሚያውቀው የፈረንጅ ተመልካች ከዚያ ቀይና ሰማያዊ ፊት ቆሞ ሲቀር ማየት ደስ ይላል።

ስለ ዲዛይን ሙዚየም ብዙ አልልም፤ በ2016 ኬንሲንግተን ወደሚባል ሰፈር የተዛወረ፣ የዕለት ተዕለት ዕቃ እንዴት ታስቦ እንደተሠራ የሚያሳይ ቤት ነው። እማዬን ደስ ይላት ነበር።

ለእርስዎ ያቆየሁት ግን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምን ነው። በፎቶግራፍ ስብስቡ ውስጥ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ሴት በ1868 ያነሳችው የልዑል ዓለማየሁ ፎቶ ይገኛል። ልጁ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አባቱ መቅደላ ላይ ከወደቁ ገና ጥቂት ወራቸው ነው፤ እናቱም በመንገድ አርፈውበታል። ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል የለም። ካሜሮን የምትሠራው በመስታወት ነጋቲቭ ሲሆን፣ መስታወቱ ላይ የተቀባው የፎቶ መድኃኒት ሳይደርቅ አንስታ ሳይደርቅ ማጠብ ነበረባት፤ ተነሺውም ለብዙ ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። በሥራዎቿ ላይ ጭረትና የጣት አሻራ ይታያል፤ ብዥ ማለቱንም ሆን ብላ ትወደው ነበር። እርስዎ ቤት ቢሆን ደንበኛው ገንዘቤን መልሱልኝ ይል ነበር! ልጁ በ1879፣ በ18 ዓመቱ አርፎ ዊንድዞር ተቀበረ። ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድም በዚሁ ሙዚየም መኖሩን ሳስብ ንዴቴን አልሸሽግዎትም፤ ሆኖም ያ ፎቶ ባይቀመጥ ኖሮ ፊቱን ከወዴት እናገኘው ነበር?

እንግዲህ የጥያቄዎ መልስ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው የሚመጣው ማን፣ መቼ፣ በምን ወረቀት እንዳነሳው ተጽፎ የተጠበቀ ፊት ለማየት ነው። የሱቁ ኪራይ ሲያልቅ ከጓዳው ያሉት የነጋቲቭ ሳጥኖች እንዳይጣሉ የምለምንዎትም ስለዚህ ነው። በላስቲክ ከረጢት አይጠቅልሏቸው፤ እርጥበት ይይዛል። ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ያኑሯቸው። የሚያስታውሱትን ስምና ዓመት በመጠቅለያ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ነጋቲቩ ይዘልቃል። የሠርጎቹንና የተማሪዎቹን ያስቀድሙልኝ፤ ጉርድ ፎቶው ቆይቶም ይደርሳል።

ለዚሁ ሥራ የሚሆኑ አሲድ የሌለባቸው የወረቀት ኤንቨሎፖች እዚህ ስለሚሸጡ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። በብዛት ያለው የትኛው እንደሆነ፣ ማለትም 35 ሚሊሜትሩ ወይስ ትልቁ ካሬ፣ እሑድ ስደውል ይንገሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ