ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ፖለቲካና ስለ መንግሥት ከየት ትማሪያለሽ?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ አገራችን ፖለቲካ ለማንም ሳያዳላ የሚያስተምርሽ ምንጭ የቱ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ጥያቄው በስልክ ተመልሶ የሚያልቅ ስላልሆነ ረጋ ብለሽ እንድታነቢው ጻፍኩልሽ።

ጨርሶ የማያዳላ ምንጭ ፍለጋ ጊዜሽን አትጨርሺ። የሚጽፍና የሚናገር ሁሉ ባለቤት አለው፤ ገንዘብ የሚሰጠው አለው፤ የሚፈራው አለው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ሊመረመር የሚችል ምንጭ ነው። ማን ተናገረው? መቼ? በየትኛው ሰነድ ላይ ቆሞ? እነዚህን ራስሽ ሄደሽ ማረጋገጥ ከቻልሽ፣ ምንጩ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብልም ትማሪበታለሽ። ማረጋገጥ ካልቻልሽ ግን የምትወጂው ሰው ቢናገረውም አትያዢው።

ስለዚህ ከዜና በፊት ከሰነድ ጀምሪ። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥቱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣ፣ 106 አንቀጾች ያሉት፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ተነብቦ የሚያልቅ ነው። ብዙ ሰው ከመግቢያው በተራ ይጀምርና ከመንገድ ይተወዋል። አንቺ ከመሃሉ ግቢ። ከአንቀጽ 50 እስከ 52 የፌዴራሉና የክልሉ ሥልጣን እንዴት እንደተከፈለ ታገኛለሽ። ከ53 እስከ 68 ስለ ሁለቱ ምክር ቤቶች (ስለ ሕዝብ ተወካዮችና ስለ ፌዴሬሽን ምክር ቤት)፣ ከ69 እስከ 77 ስለ ፕሬዚዳንቱ፣ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩና ስለ ሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ከ78 እስከ 84 ስለ ፍርድ ቤቶችና የትርጉም ጥያቄዎችን መርምሮ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለሚያቀርበው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ቀጥለሽ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚታወጅበትን አንቀጽ 93ን፣ በመጨረሻም ከ13 እስከ 44 ያለውን የመብቶች ክፍል አንብቢ። አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ስለሚል፣ የእንግሊዝኛውን ለማነጻጸሪያ ብቻ ያዢው።

ይህን ያላነበበ ሰው ዜና ሲሰማ ሁለት ስህተት ይደጋግማል። አንደኛው ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይመስለዋል፤ በእኛ አገር ግን ይህ ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ሁለተኛው የክልሉን ሥራ ለፌዴራሉ፣ የፌዴራሉን ለክልሉ ይሰጣል። ለምሳሌ የመሬት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው፤ መሬቱን የሚያስተዳድረው ግን ክልሉ ነው። በአንድ የመሬት ጉዳይ ማን ተጠያቂ እንደሆነ ሳትለዪ ማንንም መውቀስም ሆነ ማመስገን አትችይም። ደግሞ አንቀጽ 47 ላይ 9 ክልሎች ብቻ ተዘርዝረው ስታዪ አትደናገሪ፤ ዛሬ 12 የሆኑት ያው አንቀጽ አዲስ ክልል የሚመሠረትበትን መንገድ ስለሚፈቅድ ነው። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተካሄደው በዚያ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ሰነድ የፌዴራል ሕጎች በይፋ የሚታተሙበት ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ቴሌግራም ላይ "አዲስ አዋጅ ወጣ" ተብሎ ከሚዞረው ፋይል ውስጥ ብዙው ረቂቅ ነው። ረቂቅ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ያልፋል፤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፤ ብዙውን ጊዜ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ እዚያ ይሻሻላል፤ ከዚያ ይጸድቃል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ፤ ባይፈርሙም ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አንድ አንቀጽ ሊወጣም ሊገባም ይችላል። ስለዚህ የአዋጁን ቁጥርና የወጣበትን ቀን ተመልከቺ። የቁጥሩ ቦታ ባዶ ከሆነ ወይም ነጥብ ነጥብ ከተደረገበት ሕግ አይደለም። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ዓመት በአማርኛው ዓምድ የእኛ፣ በእንግሊዝኛው የፈረንጆቹ ነው፤ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 እና 1238/2021 አንድ አዋጅ እንጂ ሁለት አይደሉም። በዚህ የተነሳ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ሲሳሳቱ ታያለሽ።

አዋጅ ስታነቢ ትርጓሜ የሚለውን አንቀጽ አትዝለይ፤ መጨረሻው ላይ የትኛው ሕግ እንደተሻረና አዋጁ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸናም እይ። "ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል" የሚል ካገኘሽ ዋናው ነገር ገና አልተጻፈም ማለት ነው፤ መመሪያውን ተከታተይ። በአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ፍትሕ ሚኒስቴር ካልተመዘገበ ተፈጻሚ አይሆንም። ክልሎችም የየራሳቸው ሕገ መንግሥትና ጋዜጣ አላቸው፤ የአማራው ዝክረ ሕግ፣ የአዲስ አበባው አዲስ ነጋሪት ጋዜጣ ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምምድ ልምጣ። አንድ ክርክር ምረጪና እስከ ሥሩ ውረጂበት። ለመጀመሪያ የ2012ቱን የምርጫ መራዘም እመክርሻለሁ፤ ሰነዱ የተሟላ ነው፣ ሁለቱም ወገኖች በግልጽ ተከራክረውበታል፣ መዘዙም ከባድ ነበር። ሦስት ገጽ ወረቀት አዘጋጂ።

በመጀመሪያው ገጽ ማንም የማይክደውን ብቻ በቀን ጻፊ። ምርጫው ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ተቆርጦ ነበር። በኮሮና ምክንያት ምርጫ ቦርድ በዚያ ቀን ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን የሚያበቃው መስከረም 25 ቀን 2013 ነበር። መንግሥት አራት አማራጮች አቀረበ፦ ምክር ቤቱን መበተን፣ አስቸኳይ ጊዜ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል፣ ሕገ መንግሥቱን ማስተርጎም። የተመረጠው የመጨረሻው ሆነ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሰኔ 3 ቀን 2012 ምክር ቤቶቹ በሥራ እንዲቆዩ ወሰነ። ትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን ዋጋ እንደሌለው አስቀድሞ ወስኖ ነበር።

በሁለተኛው ገጽ አንቀጾቹን ቃል በቃል ገልብጪ። ማሳጠር ውስጥ አድልዎ ይገባልና አታሳጥሪ። አንቀጽ 58 የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት እንደሆነና አዲሱ ምርጫ ከማብቂያው ከአንድ ወር በፊት መጠናቀቅ እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 60ን፣ 62ን፣ 83ን፣ 84ንና 93ንም ጨምሪ። አንቀጽ 82ን አትርሺ፤ የአጣሪ ጉባኤው 11 አባላት እነማን እንደሆኑና ማን እንደሚሾማቸው እዚያ አለ። ስለ አንድ ተቋም ገለልተኝነት ከመከራከርሽ በፊት ሹመቱ ከማን እንደሚመጣ ማወቅ አለብሽ።

ሦስተኛውን ገጽ ለሁለት ክፈዪ። በአንደኛው በኩል፦ ሕገ መንግሥቱ ምርጫ በወረርሽኝ ምክንያት ማድረግ ባይቻል ምን እንደሚሆን አይናገርም፤ ክፍተት ካለ መሙላት የተርጓሚው ሥራ ነው፤ አገር ያለ መንግሥት አታድርም። በሌላው በኩል፦ አንቀጽ 58 ግልጽ ነው፤ ግልጽ የሆነ ነገር አይተረጎምም፤ የሥራ ዘመኑ ያለቀበት አካል የራሱን ዕድሜ ሊያራዝም አይገባም፤ ተርጓሚው ምክር ቤትም በገዢው ፓርቲ ሰዎች የተሞላ ነው። አጣሪ ጉባኤው የሕግ ባለሙያዎችን በይፋ ያዳመጠባቸው ስብሰባዎች በቴሌቪዥን ተላልፈዋል፤ ሙሉውን እይ እንጂ ተቆርጦ የተለጠፈውን አትዪ። የማትደግፊውን ወገን ክርክር ባለቤቱ ቢያነበው "አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው" እስኪል ድረስ ካልጻፍሽው ልምምዱ አልተሠራም። እንዲህ ያለ ሥራ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ይወስድብሻል፤ አንድ ዓመት ሙሉ የትንታኔ ቪዲዮ ከማየት የበለጠ ታውቂበታለሽ ብዬ አምናለሁ።

ወደ መገናኛ ብዙኃን ስትመጪ እያንዳንዱን ለሚችለው ነገር ተጠቀሚበት። ኢቢሲ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ጋዜጣ ነው። ሹመትን፣ የምክር ቤት ውሳኔን፣ ባለሥልጣን የተናገረውን ቃል ከእነሱ ያዢ። መንግሥት የሚነቀፍበትን ወይም የሞቱ ሰዎችን ቁጥር ግን ከእነሱ ብቻ አትውሰጂ። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዳለበት አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 ያዛል፤ በዚያ መለኪያ ለኪያቸው። ሪፖርተርን፣ አዲስ ፎርቹንን፣ አዲስ ስታንዳርድን ስታነቢ ዜናውን ከርዕሰ አንቀጹና ከአስተያየት ገጹ ለዪ። ከ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው ቢቢሲ አማርኛና በጀርመን መንግሥት በጀት የሚተዳደረው ዶቼ ቬለ ከአገር ውስጥ ፓርቲ ጥቅም ራቅ ይላሉ፤ ነገር ግን ስለ ሩቅ ወረዳ የሚዘግቡት ብዙውን ጊዜ በስልክ አነጋግረው ነው። ስንት ሰው እንዳነጋገሩና የአካባቢው ባለሥልጣን ምን እንደመለሰ ፈልጊ። በዕይታ ብዛት ገቢ የሚያገኝ የዩቲዩብ ቻናል ደግሞ ተመልካቹን ባስቆጣ ቁጥር ይጠቀማል፤ ይህን እያወቅሽ ስሚው።

ርዕሱ "ተገለጸ" ወይም "ተጠቆመ" ካለ ማን እንደገለጸው እስክታገኚ ታች ድረስ አንብቢ። አሥር ቻናል አንድ ወሬ ሲያወራ አሥር ምስክር ያገኘሽ አይምሰልሽ፤ ሁሉም ከአንድ የፌስቡክ ጽሑፍ ገልብጠውት ይሆናል። መጀመሪያ የለጠፈው ማን ነው? ከእሱ ውጭ ራሱን ችሎ ያየ አለ? በግጭት ጊዜ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ የሚያነብ ጓደኛሽ በዚያ ቋንቋ ስለዚያው ቀን የተጻፈውን እንዲነግርሽ ጠይቂ። በአማርኛ ያልተጻፈው ነገር ብዙ ነው።

ቁጥር ሲጠቀስልሽ ይበልጥ ተጠንቀቂ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የተቆጠረው ወደ 74 ሚሊዮን ሕዝብ ነበር። ዛሬ "ይህ ብሔር ይህን ያህል በመቶ ነው" የሚልሽ ሰው የቆየ ቁጥር ወይም ግምት ነው የያዘው። በጀትም እንዲሁ ነው። የ2017 የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ ጸደቀ፤ የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ሆነ። "በጀቱ እጥፍ ሆነ" ያለ አልዋሸም። ነገር ግን በመሃሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በዓመቱ ከ130 አለፈ። በዶላር ስታሰዪው የመጀመሪያው ወደ 17 ቢሊዮን፣ ሁለተኛው ወደ 14 ቢሊዮን ይመጣል፤ "በጀቱ ቀነሰ" ያለውም አልዋሸም። በዚያ ላይ ለ2017 ወደ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸድቋል፤ እሱን የዘለለ ሰው ዕድገቱን ከእውነቱ አብልጦ ያሳይሻል። ስለዚህ ቁጥር ስትሰሚ ከምን ጋር እንደተነጻጸረ፣ በምን እንደተለካ፣ የጸደቀ ይሁን በእርግጥ የወጣ ገንዘብ ጠይቂ። የወጣውን ለማወቅ ዋናው ኦዲተር ለምክር ቤቱ የሚያቀርበውን ዓመታዊ ሪፖርት አንብቢ፤ መንግሥት ራሱን በሰነድ የሚተችበት ቦታ ስለሆነ እኔ ከብዙ ትንታኔ አስበልጠዋለሁ።

ስለ ምስልና ስለ ደብዳቤ አጭር ነገር። ፎቶ ሲመጣልሽ በጎግል ሌንስ ፈልጊው፤ የሌላ ዓመት ወይም የሌላ አገር ሆኖ የሚገኘው ብዙ ነው። የፌስቡክ ገጽ ከሆነ መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ፣ አስተዳዳሪዎቹ ከየት አገር እንደሆኑ የገጹ ግልጽነት የሚለው ክፍል ያሳይሻል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱን የራሱን ገጽ እይ። ሐቅቼክም የሐሰት ወሬዎችን በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ያጣራል። ያላጣራሽውን አታጋሪ፤ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ያስቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሆን ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይደርሳል።

የምትፈልጊው ሰነድ በይፋ ካልወጣ ጠይቂ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል። የምትፈልጊውን ሰነድ በስሙ፣ በዓመቱ፣ ከተቻለም በቁጥሩ ለይተሽ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በጽሑፍ አስገቢ፤ ቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ አስደርጊ። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። "ስለ ውሃ ያላችሁን መረጃ ሁሉ" ብለሽ ከጠየቅሽ ይጎተታል፤ "የ2016 የወረዳው የውሃ ፕሮጀክት የኦዲት ሪፖርት" ብትይ ለመከልከልም ይከብዳል። የካቢኔ ሰነድና የአገር ደኅንነት ጉዳይ ሊከለከል ይችላል። ያለ ምክንያት ከከለከሉሽ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በዪ።

የ2012ቱን ክርክር ስትጨርሺ ሦስተኛውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የማትስማሚበትን ወገን የጻፍሽበትን ግማሽ ነው በተለይ ማየት የምፈልገው፤ የጎደለ ክርክር ካለ ጨምሬ እመልስልሻለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ