ይድረስ ለአባባ፤ ከቪየና

ውድ አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የልጅ ልጅዎ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ ስሟን ስትናገር ታፏጫለች።

ባለፈው እሑድ «ከእናትህ በኋላ መኖሬ ለምን ይሆን?» ያሉኝ ከጆሮዬ አልጠፋም። መልስ ባጣ ስለ መድኃኒቱ ጠየቅሁዎት። በዚህ ከተማ ይኖሩ የነበሩት የአእምሮ ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ግን ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። አንድ አረጋዊ ሐኪም ሚስታቸው ካረፈች ሁለት ዓመት ቢያልፍም ሐዘኑ አልወጣላቸው ብሎ ወደ እሳቸው ይመጣሉ። ፍራንክል ቀድመው የሞቱት እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ሚስትዎ ምን ይውጣት ነበር ሲሉ ጠየቋቸው። አረጋዊው እንደማትችለው ሲናገሩ፣ እንግዲያው ያን ሥቃይ ያስቀሩላት እርስዎ ነዎት፣ ዋጋውም ቆይተው ማዘንዎ ነው አሏቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ጨብጠው፣ ቃል ሳይናገሩ ወጡ። እማዬ እርስዎን ቀብራ ብቻዋን ብትቀር እንዴት እንደምትሆን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

የፍራንክል ሐሳብ የሚዛመደው፣ ሰው ለሕይወቱ ትርጉም የሚሰጠው በራሱ ምርጫ ነው ከሚለው ኤግዚስቴንሻሊዝም ከተባለ ፍልስፍና ጋር ነው። ከእምነት ያወጣል ብለው አይስጉ፤ ከጠንሳሾቹ አንዱ የዴንማርኩ ኪርክጋርድ ክርስቲያን ነበር። ፍራንክልም እ.ኤ.አ. በ1942 በናዚዎች ተወስደው በአራት የማጎሪያ ካምፖች ሲያልፉ አባት፣ እናት፣ ወንድምና ባለቤት አልቀውባቸዋል። ቀደም ሲል የአሜሪካ ቪዛ ደርሷቸው ነበር። ነገር ግን አባታቸው ከምኩራብ ፍርስራሽ ያነሡትን፣ «አባትህንና እናትህን አክብር» ከሚለው ትእዛዝ አንድ ፊደል የተቀረጸበትን እብነ በረድ ቤት ውስጥ ባዩ ጊዜ ከወላጆቻቸው ጋር ቀሩ። እኔ ግን ቪዛው እንደደረሰኝ ሄድሁ።

እማዬ ያረፈችው ለፈተና ስዘጋጅ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በደወልሁ ቁጥር «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» አሉኝ፤ ከጀርባዎ የሰው ድምፅ በዝቶብኝ ብጠይቅዎ «ማኅበር ደርሶን ነው» አሉኝ። ለካ ልቅሶ ደራሾች ነበሩ። እንዳልደነግጥ ብለው እንደሆነ ይገባኛል፤ ሆኖም መጥቼ አፈር ማልበሱንም፣ እዚሁ ቀርቼ ማልቀሱንም የመምረጥ ዕድሌን ወሰዱብኝ። ከመርዶው በኋላ ለወራት ከአልጋ መነሣት አቅቶኝ ሳለ ያነሣኝ፣ ሰው የሚደርስበትን ባይመርጥም እንዴት እንደሚሸከመው ይመርጣል የሚለው የፍራንክል ሐሳብ ነበር። ያልተነገረውን ግን ማን ሊሸከመው ይችላል?

አሁን እኅቴ የኩላሊት ምርመራው ደህና ነው ትለኛለች፤ ድምፅዋ ግን የያኔው ነው። አባባ፣ እለምንዎታለሁ፣ የውጤቱን ወረቀት ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ። የዓመት ፈቃድ የጠየቅሁት ለጥር ነው፤ ቀድሜ መምጣት ካለብኝ ዛሬውኑ ማወቅ አለብኝ። ጨው ይቀንሱ፤ የማታውንም ኪኒን አይዝለሉ።

ጉልበትዎን እየሳምሁ፣
ልጅዎ